ቆቃ፤ ውሃውና አፈሩ

 

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ማብሪያውን ቀጭ ስናደርገው አምፖሉ ይበራል። ብርሃኑ ከየት መጣ? «ከሽቦው» ትሉኛላችሁ። ሽቦውስ ከየት መጣ? «ከምሰሶው።» መልካም። ምሰሶውን ከምሰሶ እያያዛችሁ፣ ጋራ ወጥታችሁ ሜዳ ወርዳችሁ ብትከተሉት ግን መጨረሻው ብዙ ጊዜ አንድ ወንዝ ዳር ያደርሳችኋል። በአገራችን አብዛኛው ኤሌክትሪክ የሚገኘው ከወንዝ ውሃ ነውና። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ወንዝና ስለ አንድ ግድብ ነው። ወንዙ አዋሽ፣ ግድቡ ቆቃ ይባላል።

ከሞጆ ወደ መቂ በመኪና የተጓዘ ሰው በስተግራው ሰፊ ውሃ ያያል። «ሐይቅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሐይቅስ ሐይቅ ነው። ነገር ግን እንደ ዝዋይ ወይም እንደ ላንጋኖ ከጥንት የነበረ ሐይቅ አይደለም። ሰው የሠራው ነው። ዛሬ 70 ዓመት የሞላው አዛውንት ሲወለድ ይህ ውሃ በቦታው አልነበረም። ያን ጊዜ እዚያ የነበረው ሜዳ ነው። በሜዳው መካከል አዋሽ እየተጠማዘዘ ያልፍ ነበር።

እስቲ አዋሽን ከራስጌው እንጀምረው። አዋሽ የሚነሳው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ነው። የበቾን ሜዳ ያቋርጣል። በመልካ ቁንጥሬ በኩል ይወርዳል። የአዲስ አበባን ዝናብና እድፍ ይዞ የሚመጣው አቃቂም ይቀላቀለዋል። ከዚያ ቆቃ ይደርሳል። ከቆቃ ወደ ወንጂ፣ ከወንጂ ወደ መተሐራ፣ ከመተሐራ ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ በሚባል ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። ከደጋ ተነስቶ በረሃ የሚቀር ወንዝ ነው። አዋሽ የሚያመጣውን ሁሉ፣ ውሃውንም አፈሩንም፣ እዚሁ አገር ውስጥ ያስቀምጠዋል ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስጠቅስ «እንደ አውሮፓ» እላለሁ።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የበራውም ለሕዝብ አልነበረም፤ ለቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኤሌክትሪክ ሲባል በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ማለት ሆኖ ኖረ። ከቆቃ በፊት በወንዝ ውሃ የሚሠራ ስሙ የታወቀ ማመንጫ አባ ሳሙኤል ነበር። አባ ሳሙኤል የቆመው በአቃቂ ወንዝ ላይ ሲሆን ጉልበቱ 6,600 ኪሎ ዋት ነበር። ለአንድ ትንሽ ከተማ ይበቃ ይሆናል። ለአዲስ አበባ ግን ከተማዋ እያደገች ስትሄድ አነሰ። ፋብሪካም ሊቆም ነው፣ ወፍጮም ሊተከል ነው፣ መንገድም መብራት ይፈልጋል። መብራት ኃይል ብለን የምንጠራው መሥሪያ ቤትም የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። መሥሪያ ቤቱ ተቋቋመ። ጉልበቱ ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ጦርነት ይመልሰናል። ግድብና ጦርነት ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። አገናኛቸው እንጂ!

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ወረረች። የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ወረደ። መንደር ተቃጠለ፤ ከብት ተነዳ፤ ሰው አለቀ። አርበኞቻችን 5 ዓመት ታገሉ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተባረረ። ሰው ከሞተ፣ ቤት ከተቃጠለ በኋላ ምን ይደረጋል? በአገራችን ልማድ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ካሳ ይቆረጣል። ቆቃ ባለበት በኦሮሞ አገር ይህ ጉማ ይባላል። ገዳዩ ወገን ለሟቹ ወገን ይክሳል። በመንግሥታት መካከልም እንደዚሁ ያለ ነገር አለ።

በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያ ከወረራው የደረሰባትን ጥፋት ቆጥራ ከ184 ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ በላይ እንዲከፈላት ጠይቃ ነበር። የተፈረደላት 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። ፓውንዱን በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ወደ ዶላር ብትለውጡት፣ ከጠየቀችው 30 እጅ ውስጥ የተፈረደላት አንዱ እጅ ያህል ብቻ ነው። እሱም ቶሎ አልተከፈለም። ድርድሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በ1948 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሌላ ስምምነት ተፈራረሙ። ገንዘቡ 16 ሚሊዮን 300 ሺህ ዶላር ሆነ። አያችሁ፣ እየቆየ እያነሰ መጣ። በዚህ የካሳ ገንዘብ ከተሠሩት ነገሮች ዋናው የቆቃ ግድብ ነው።

ይህን ለተማሪዎች ስነግራቸው አንዳንዶቹ ይደሰታሉ፤ አንዳንዶቹ ይናደዳሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የአባት ደም በሲሚንቶ አይመለስም። ያም ሆኖ ገንዘቡ በየኪሱ ገብቶ አልቀረም። ሁሉም ሊያየው የሚችል ነገር ቆሞበታል። እኔ በበኩሌ ካሳው ወደ ግድብ መዋሉ መልካም ነበር ባይ ነኝ፤ ማነሱ ግን ማነስ ነው፤ ሊዘነጋ አይገባም።

ግድቡ በ1952 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ተመረቀ። ሐይቁም ገሊላ ተባለ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቀው በቆቃ ነው።

ግድብ ማለት ምን ማለት ነው? በወንዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር የቆመ ግንብ ነው። የቆቃው ግንብ 40 ሜትር ያህል ይቆማል። ይህ ባለ 12 ፎቅ ቤት ያህል ነው። ርዝመቱም ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ውሃው እየመጣ ከግንቡ ጋር ሲገናኝ መሄጃ ያጣል። ወደ ኋላው ይሰፋል። ክረምቱን እየጠራቀመ ሐይቅ ይሆናል።

የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው የቀረውን በቀላሉ ይረዳዋል። በውሃ ወፍጮ ላይ ውሃው ከፍ ካለ ቦታ ይወርድና መዘውሩን ይመታል። መዘውሩ ይዞራል። መጁም አብሮ ይዞራል፤ እህሉ ይፈጫል። በቆቃም ያው ነው። ከሐይቁ ውሃ በትልቅ ቧንቧ ይወርድና ተርባይን የሚባለውን የብረት መዘውር ያሽከረክራል። ተርባይኑ ጄኔሬተር የሚባለውን ሞተር ያዞራል። ጄኔሬተሩ እህል አይፈጭም፤ ኤሌክትሪክ ያወጣል። ቆቃ እንዲህ ያሉ 3 ሞተሮች አሉት። የሦስቱ ጉልበት ተደምሮ 43,200 ኪሎ ዋት ነው።

ቁጥር ብቻውን አይገባም። ስለዚህ በምጣድ እንቁጠረው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ለመጋገር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ቆቃ በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ በአንድ ጊዜ 12 ሺህ ያህል ምጣድ ማሞቅ ይችላል። ዛሬ ይህ ትንሽ ነው። በዚያን ጊዜ ግን፣ ከአባ ሳሙኤል ጋር ስታስተያዩት፣ ስድስት እጥፍ ተኩል ነው! ከቆቃ የተነሳው ሽቦ አዲስ አበባ ገባ። ፋብሪካዎች በዚህ ጉልበት ሠሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከቆቃ በታች ሁለት ማመንጫዎች ተጨመሩ። አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ይባላሉ። እያንዳንዳቸው 32 ሺህ ኪሎ ዋት ናቸው። ልብ በሉ፤ ቆቃን ያዞረው ውሃ አልጠፋም። ወርዶ ሁለተኛውን ያዞራል። ወርዶ ደግሞ ሦስተኛውን ያዞራል። አንድ ውሃ ሦስት ጊዜ ይሠራል። ለዚህ ብልሃት አድናቆቴ ትልቅ ነው። ፊንጫ ሥራ እስኪጀምር ድረስ የአገሪቱን መሐል ተሸክመው የኖሩት እነዚህ የአዋሽ ማመንጫዎች ናቸው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የመጣው በነፃ አይደለም። የሲሚንቶውን ዋጋ የከፈለው የጦርነቱ ካሳ ነው አልን። ሌላ ዋጋ ደግሞ አለ። እሱን የከፈሉት ሌሎች ናቸው።

ሐይቁ ሲሞላ ከ150 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ይሸፍናል። በቀድሞው አለካክ ከ375 ጋሻ በላይ ነው። ያ መሬት ባዶ ድንጋይ አልነበረም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ፣ ወንዝ የሚጠጣ ሜዳ ነበር። ሰው ያርስበት፣ ከብት ያሰማራበት ነበር። ውሃው ሲመጣ ባለ መሬቱ ቦታውን ለቀቀ። በዚያ ዘመን ገበሬውን «ይህ ሊሠራ ነው፤ ምን ትላለህ?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ግድቡን ለመሥራት ካሳ ከኢጣልያ መጣ። ለባለ ሜዳው ግን እንደ ኢጣልያኑ ያለ ድርድር አልተደረገለትም። ሽቦውም በብዙ መንደር ራስ ላይ ተዘርግቶ ወደ ከተማ አለፈ። ከሽቦው ሥር ያሉት ለብዙ ዓመታት በኩራዝ ኖሩ።

ከግድቡ በታች ያለው ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። አዋሽ ሳይገደብ ክረምት ላይ ይሞላል። ዳርቻውን አልፎ ሜዳውን ያጠጣል። በጋ ላይ ይቀጥናል። ግድቡ ይህን ለወጠው። የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ይህ ለመስኖ እርሻ ትልቅ ነገር ነው። ወንጂ በሆላንድ ኩባንያ የተቋቋመው የስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ከግድቡ በፊት። ግድቡ ሲመጣ ግን ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚያገኝ ሸንኮራ ማልማት ቀለለ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆን ልማት የሚመራ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በመተሐራ ሸንኮራ፣ በአሚባራና በተንዳሆ ጥጥ ተተከለ። አገሪቱ ስኳር አገኘች፤ ፋብሪካ ጥጥ አገኘ፤ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ደመወዝ አገኘ። ይህ እውነት ነው።

አሁን ደግሞ በአፋርና በከረዩ ከብት አርቢ ዓይን እንየው። አርቢው በዝናብ ጊዜ ከወንዙ ርቆ ያሰማራል። በጋ ሲከር፣ ሣር ሲያልቅ፣ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል። ወንዙ ክረምት ላይ ያጠጣው ሜዳ ሣር አብቅሎ ይጠብቀዋል። ያ ሜዳ የክፉ ቀን ጎተራው ነው። ሸንኮራውና ጥጡ የተተከለው በዚያው ሜዳ ላይ ነው። ለምን ቢሉ፣ ለእርሻም የሚመቸው እሱው ነዋ! ሜዳው ሲታጠር ከብቱ ደረቁ ላይ ቀረ። በ1965 ዓ.ም. አካባቢ ድርቅ ሲመጣ መሸሻ አልነበረም። በዚያ ረኃብ በጣም ከተጎዱት አንዱ የአፋር ሕዝብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። ነገሩን ሁሉ በግድቡ ላይ መጣል ልክ አይሆንም። ዝናብ ቀርቷል። መሬቱን ለእርሻ የሰጠው ሰው ነው እንጂ ግንቡ አይደለም። ከአፋርም ውስጥ፣ በአውሳ፣ ጥጥ አልምተው የከበሩ ባላባቶች ነበሩ። ግን ወንዝን መያዝ ማለት የወንዙን ሣር፣ የወንዙን ዓሣ፣ የወንዙን ሰው ሕይወት መንካት ማለት ነው። ይህ በምረቃው ቀን ሪባን ሲቆረጥ አይታይም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ፤ ወደ አፈሩ።

አንድ ነገር ሞክሩ። ክረምት ላይ ከወንዝ አንድ ብርጭቆ ድፍርስ ውሃ ቅዱ። ማንም እንዳይነካው አስቀምጡት። ጧት ስትነሱ ውሃው ጠርቷል። ከብርጭቆው ታች ግን ጭቃ ተኝቷል። ለምን? ውሃ ሲሮጥ አፈር ይሸከማል። ውሃ ሲቆም አፈሩን ያስቀምጣል። ግድብ ማለት የሚሮጠውን ውሃ ማቆም ነው። እንግዲህ ቆቃ ትልቅ ብርጭቆ ነው። ልዩነቱ ብርጭቆውን ደፍታችሁ ታጥቡታላችሁ፤ ሐይቁን ማን ይደፋዋል?

ይህ በውሃው ሥር የሚተኛው አፈር ደለል ይባላል። ከየት መጣ? ከጊንጪ፣ ከበቾ፣ ከአቃቂ ዳገት፣ ከሞጆ ዙሪያ። ጫካው ተቆርጦ ተዳፋቱ ሲታረስ፣ የሰኔ ዝናብ ሲመታው፣ ጥቁሩ አፈር ታጥቦ ወደ ጅረት ይወርዳል። ጅረቱ ወደ አዋሽ ያስረክባል። አዋሽ ወደ ቆቃ ያስረክባል። ቆቃ ለማንም አያስረክብም። እዚያው ይቀራል።

ስንት ነው? ሐይቁ ሲሠራ ከ1 ቢሊዮን ተኩል ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዝ ነበር። አንድ ሜትር ኩብ ማለት ወርዱም፣ ርዝመቱም፣ ቁመቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሳጥን ነው። 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 50 ጀሪካን ይሆናል። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ሐይቁ ሲለካ ከቦታው ሲሶ ያህሉ በደለል ተሞልቶ ተገኘ። በዓመት ሲካፈል ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ10 ኩንታል በላይ ይመዝናል። በሉ አባዙት! በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ኩንታል በላይ አፈር ከገበሬው ማሳ ተነስቶ ሐይቅ ውስጥ ይተኛል። እህል ቢሆን ስንቱን ሰው በቀለበ። ደግሞም እህል የሚሆነው እሱ ነበር፤ የላይኛው አፈር ነው የሚታጠበው፤ ፍሬ የሚሰጠው።

ስለዚህ ደለል ሁለት ሰው ይጎዳል። ላይ ያለው ገበሬ አፈሩን ያጣል። ታች ያለው ግድብ ቦታውን ያጣል። ቦታው ሲጠብ የክረምቱን ውሃ መያዝ ያቅተዋል። ክረምት ላይ ቶሎ ይሞላል። በጋ ላይ ቶሎ ይጎድላል። ሞተሩ ሳይሰበር፣ ግንቡ ሳይሰነጠቅ፣ ማመንጫው ጉልበቱ ይደክማል። አባ ሳሙኤልን አስታውሱ። አባ ሳሙኤል ደለል ከሞላቸው አንዱ ነው። እንደ አውሮፓ በ1970 ሥራ አቆመ። ከ40 ዓመት በላይ ቆሞ ቆይቶ በቻይና እርዳታ ታድሶ እንደ አውሮፓ በ2016 እንደገና ሥራ ጀመረ።

በጎርፍ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ግድቡ ከአቅሙ በላይ ውሃ ሲመጣበት በሩን ከፍቶ ይለቃል። ካልለቀቀ ግንቡ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከለቀቀ ታች ያለው ሰው ይጥለቀለቃል። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ አዋሽ በአፋር ሞልቶ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴም ከቆቃ በታች ያሉ ሰዎች በውሃ ምክንያት ቀዬአቸውን ለቀዋል። በደለል የጠበበ ሐይቅ ለጎርፍ የሚተርፍ ባዶ ቦታ ያንሰዋል። ከላይ ጫካ የቆረጠውና ከታች በጎርፍ ቤቱ የፈረሰበት ሰው አይተዋወቁም። መሐላቸው ግን አዋሽ አለ።

ስለ ውሃው ራሱም ጥቂት ልበል። የቆቃ ውሃ ብዙ ሰው ያኖራል። ዓሣ አጥማጁ ቆሮሶና አምባዛ ያወጣበታል። ገበሬው በሞተር ፓምፕ ስቦ ቲማቲምና ሽንኩርት ያለማበታል። ጉማሬም አለ፤ አዞም አለ፤ ወደ ውሃው የሚወርድ ልጅ ይጠንቀቅ። ግን ሐይቁ የሚያገኘው የክረምት ዝናብን ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባን ቆሻሻ በአቃቂ፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ ይቀበላል። ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያም ይጨመራል። ውሃው አንዳንድ ጊዜ አረንጓዴ ይሆናል። ያ አረንጓዴ ነገር መርዝ ሊኖረው የሚችል ረቂቅ ተክል መሰል ሕይወት ነው። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ ሐይቁ አረንጓዴ ሲሆን ከእሱ መቅዳት አይገባም። በሐይቁ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ ወባ ይበዛባቸዋል። የረጋ ውሃ ዳር ትንኝ ይራባልና አጎበር ያስፈልጋል። ዛሬ በጣና ላይ ሁላችን የምንሰማው እምቦጭ የሚባለው አረምም በአገራችን መጀመሪያ የታወቀው በጣና አይደለም፤ በዚሁ በቆቃና በአዋሽ ነው፤ እንደ አውሮፓ በ1965።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «ታዲያ ግድብ አይሠራ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። እንደዚያስ አልልም። በመብራት የሚያነብ ሰው፣ በኤሌክትሪክ የሚፈጭ ሰው፣ መድኃኒት በማቀዝቀዣ የሚያስቀምጥ ጤና ጣቢያ ግድብን ሊጠላ አይችልም። በዓባይ ላይ የሠራነውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ እንኳ ተመልከቱ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ጉልበቱ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። አንድ ሜጋ ዋት 1,000 ኪሎ ዋት ነው። እስቲ አካፍሉት፤ ከቆቃ 119 እጥፍ ያህል ይሆናል። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። የቆቃው ገንዘብ የተገኘው ከጠላት ካሳ ነው። የዓባዩ ከገበሬው፣ ከሠራተኛው፣ ከተማሪው፣ በውጭ አገር ካለው ወገናችን ጭምር ተዋጥቷል። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በአንድ ነገር ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። የዓባይ ውሃም በክረምት ድፍርስ ነው። የጎጃም፣ የወሎ፣ የወለጋ አፈር ይዞ ይወርዳል። ብርጭቆው ተለቀ እንጂ ብርጭቆነቱ አልቀረም።

ለአፈሩ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። እርከን ነው። ችግኝ ነው። ተዳፋቱን ለሣር መተው ነው። ቦረቦሩን በድንጋይና በቅርንጫፍ መድፈን ነው። ሥራው ግን ከባድ ነው። ድንጋዩን የሚሸከመው የጊንጪ ገበሬ ነው፤ መብራቱ የሚበራው ሌላ ቦታ ነው። «ለማን ብዬ?» ቢል አይፈረድበትም። በእኔ አስተያየት ከማመንጫው የሚገኘው ገንዘብ ላይ ላለው ገበሬ ድርሻ ሊኖረው ይገባል፤ እርከኑ ከግንቡ እኩል የግድቡ አካል ነውና። እሱ እርከን ሲሠራ የራሱን ማሳ ብቻ ሳይሆን የቆቃን ሞተር ይጠግናል።

ዛሬም የቆቃ ማመንጫ አለ። የበጋው ፀሐይ ሲበረታ ሐይቁ ይሸሻል። ውሃው ሲሸሽ በዳርቻው ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ድንጋይ የሌለው መሬት ይገለጣል። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች እርጥበቱ ሳይደርቅ ቶሎ ብለው ያርሱታል፤ ይዘሩበታል። ክረምቱ ገብቶ ውሃው ሳይመለስ ለማጨድ ይሽቀዳደማሉ። ያፈራል፤ ለምን አያፈራ? ከጊንጪና ከበቾ ማሳ በየዓመቱ ታጥቦ የመጣው አፈር እኮ ነው።